ፓነል ውስጥ ያለው የኃይል መከታተያ ይሸታል፣ እየጠፋ ይነሳል፤ ልንቀለው ወይስ ልተወው?

ነጭ_ሽቦ

ሰላም ለሁላችሁ። ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የተገጠመ የኃይል መከታተያ አለ፤ ሦስት ክላምፕ (ሽቦን አቅፎ የሚያልፈውን አምፔር የሚለካ ቀለበት) ያለው፣ ንባቡን በዋይፋይ ስልክ ላይ የሚልክ ዓይነት። ሰሞኑን ራሱን እያጠፋ ይነሳል። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ 4 ኪሎዋት ያሳይና ወዲያው ዜሮ ይላል። ሽቦ በሚገባበት በኩል ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል፤ ጠጋ ሲሉት የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው። የራሱን ኃይል የሚያገኘው ከዋናው 63 አምፔር ብሬከር መውጫ ላይ በቀጥታ በተቀጠለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦው ላይ 0.75 የሚል ተጽፏል።

ከአፑ ላይ ማጥፋት ይበቃል? ክላምፖቹን ኃይል እያለ ከመሣሪያው መንቀል ይቻላል? ወይስ የተበላሸው ንባቡ ብቻ ከሆነ እንዲሁ ልተወው?

ካቻቪቴ

አፑ ምንም አይጠቅምህም። የሚያጠፋው ንባቡን ነው፤ ሽቦው ላይ ያለው 230 ቮልት እዚያው ነው። ሽታው አሁንም ካለ መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አውርድና ሳጥኑን ዝጋው፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጭስ ወይም የሚንጣጣ ድምፅ ከተሰማ ሳጥኑን አትክፈት። ብሬከሩ ጋ መድረስ የማያስተማምን ከሆነ ሰው ሁሉ ይውጣና እሳት አደጋ ይጠራ። ውሃ በጭራሽ።

የዓሣ የሚመስለው ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሚሞቅ የማያያዣ ወይም የብሬከር ፕላስቲክ ነው። ቡናማው ነገር ሽቦ በሚገባበት በኩል መሆኑም ወደዚያው ይጠቁማል፦ የላላ ብሎን። መሣሪያው መሃል ላይ ቢሆን ኖሮ ቫሪስተሩን (የቮልቴጅ ግፊት የሚውጠውን ዲስክ) ወይም ካፓሲተሩን እጠረጥር ነበር። 4 ኪሎዋቱም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ ኃይሉ በላላ ንክኪ ሲቆራረጥ የመለኪያው ቺፕ የሚያመዛዝንበት ቮልቴጅ ይዋዥቅና ቁጥሩ ያብዳል። ስለዚህ "ንባቡ ብቻ ነው" አትበል፤ ንባቡ የተበላሸው ሽቦው ጋ ችግር ስላለ ነው።

ሦስት_ፌዝ

የላላ ብሎን ማጥበቅ ይቻላል። እኔን ያስደነገጠኝ 63 እና 0.75 በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

ብሬከር የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በተለምዶ 6 አምፔር ገደማ ይሸከማል። መሣሪያው ውስጥ ያልለየለት ሾርት ተፈጥሮ 30 አምፔር ቢስብ 63ቱ ብሬከር ከቁብ አይቆጥረውም፤ ለሱ ከግማሽ በታች የሆነ ጭነት ነው። ሽቦው ግን እየጋለ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ አጠገቡ ያሉትን ሽቦዎችም ይዞ።

ከበድ ያለውን ሾርት ደግሞ በቁጥር እዩት። ሲ ዓይነት 63 አምፔር ብሬከር በማግኔቱ በቅጽበት የሚወድቀው ከ315 እስከ 630 አምፔር ባለው ክልል ነው። ሾርቱ 300 አምፔር ቢሆን ሥራው ለሙቀት ክፍሉ ይቀራል፣ እሱም ሰከንዶች ይወስዳል። ፒቪሲ የለበሰ የመዳብ ሽቦ ስሌቱ 115 (ለዚህ ሽቦ ዓይነት የተቀመጠ ቋሚ ቁጥር) ሲባዛ በ0.75፣ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ፣ ወደ 7,440 ነው። ይህን ለ300 ካሬ ስታካፍለው 0.08 ሰከንድ ይመጣል። ሽቦው የሙቀት ወሰኑን የሚያልፈው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ብሬከሩ ገና አልነቃም።

መፍትሔው ለመከታተያው ብቻ የሚሆን 6 አምፔር ብሬከር ነው። ከዋናው ብሬከር እስከ 6ቱ ያለው መገናኛ ግን ቀጭን መሆን የለበትም። ማበጠሪያ የሚመስለውን የመዳብ ባስባር ተጠቀም፣ ወይም ሌሎቹ ብሬከሮች የተያያዙበትን ውፍረት ያለው ሽቦ። ከ6ቱ በኋላ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር አድርገው።

ፋኖስ

ፓነሉ ላይ ባዶ ቦታ ከሌለስ? ሽቦው መሃል ላይ የ1 አምፔር የመስታወት ፊውዝ በመያዣ ማስገባት ይበቃል። መሣሪያው ራሱ የሚስበው ከ5 ዋት አይበልጥም።

ሚሊኦም

@ፋኖስ ለመጠኑ ልክ ነህ፣ ለቦታው ግን አይሆንም። ፊውዝ ሁለት ቁጥር አለው፦ በስንት አምፔር እንደሚቀልጥና እስከ ስንት አምፔር የሚደርስ ሾርት በሰላም መቁረጥ እንደሚችል። 5 በ20 ሚሊሜትሩ የመስታወት ፊውዝ ሁለተኛው ቁጥሩ 35 አምፔር ነው፤ ከፍ ባሉት መጠኖች የራሱ አምፔር አሥር እጥፍ። ዋናው ብሬከር ሥር የሚፈጠር ሾርት ሺህ አምፔሮችን ሊያልፍ ይችላል። ያኔ መስታወቱ ይፈነዳል፣ በአየር ውስጥ የሚዘልለው የኤሌክትሪክ ቅስትም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በአሸዋ የተሞላው የሴራሚክ ዓይነት በተመሳሳይ መጠን 1,500 አምፔር ይቆርጣል፤ ይሻላል፣ ግን አሁንም ፓነል ውስጥ ላለ ነገር ልቤ አያርፍም።

ቦታ ከጠበበ ባለ አንድ ሞጁል መያዣ ወስደህ 10 በ38 ሚሊሜትር፣ 2 አምፔር፣ ጂጂ (ለአጠቃላይ የሽቦ ጥበቃ የሚሆን ዓይነት) የተጻፈበት ፊውዝ አስገባ። የዚህ ዓይነት ፊውዝ የመቁረጥ አቅም እስከ 100 ኪሎ አምፔር ይደርሳል። ያም ካልገባ ሳጥኑ ሞልቷልና መከታተያው ሌላ አነስተኛ ሳጥን ይፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ክላምፖቹ። ሁለት ዓይነት አሉ፣ መልሱም እንደ ዓይነታቸው ይለያያል። ገላው ላይ "100ኤ/1ቮ" ወይም "333 ሚሊቮልት" የሚል ካለ ጭነት የሚሆነው ሬዚስተር ውስጡ ስላለ መንቀሉ አያስፈራም። "100ኤ/50ሚኤ" የሚል ከሆነ ግን ሬዚስተሩ ያለው መሣሪያው ውስጥ ነው፤ ከመሣሪያው ስትነቅለው ክላምፑ ያለ ጭነት ይቀራል። ዋናው ሽቦ ላይ 40 አምፔር እየሄደ ነው እንበል፤ ክላምፑ 20 ሚሊአምፔር ማስወጣት አለበት፣ በ22 ኦም ላይ 0.44 ቮልት ብቻ ነው። መንገዱ ሲቋረጥበት የ40 አምፔሩ ማግኔት በሙሉ ኮሩን ያጥለቀልቀዋል፣ ሽቦው ጫፍ ላይም ሹል የሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይነሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ክላምፑን ከፍተህ ከዋናው ሽቦ ላይ አውጣው፣ ከዚያ መሰኪያውን ንቀል። ስትመልስ የዚህ ግልባጭ፦ መሰኪያው ይቀድማል፣ ክላምፑ ይከተላል። ምንም ካልተጻፈበት እንደ አደገኛው ዓይነት ቁጠረው። ብረት ኮር የሌለው፣ እንደ ገመድ የሚጠማዘዘው ሮጎውስኪ ከዚህ ነጻ ነው።

ካቻቪቴ

@ሚሊኦም ትንሽ አጋነንከው። የቤት ውስጦቹ ትንንሽ ክላምፖች ብዙዎቹ ውስጥ ቮልቴጅ የሚገድብ ዳዮድ አለ፣ ከ20ዎቹ ቮልት ብዙ አያልፍም። ሰው የሚገድለው የፋብሪካ ፓነል ላይ ያለው በ5 አምፔር የሚወጣው ነው።

ሚሊኦም

ዳዮዱ "ብዙዎቹ" ውስጥ ነው ያለው፤ ከውጭ አይታይም። ደግሞም የተሠራው ለአፍታ ስህተት እንጂ ነቅለኸው ለወራት ፓነሉ ውስጥ እንዲያንጠለጥል አይደለም። ከመጠን በላይ የገመትኩት ቢሆን የሚያስከፍለው የአንድ ደቂቃ ጥንቃቄ ነው።

ኮድ_ጻፊ

ከመንቀላችሁ በፊት በዩኤስቢ ወይም በሲሪያል ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ ሎጉን ብታዩት ጥሩ ነው። ደጋግሞ የሚነሳው በሶፍትዌር ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ፈርምዌር (የመሣሪያው የውስጥ ፕሮግራም) ሲጫን የሚድን ብዙ ነው።

ሚሊኦም

እባክህ ይህን ምክር አውርደው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከመስመሩ የተነጠለ ፓወር ሰፕላይ የላቸውም። 230 ቮልቱን በካፓሲተር ወይም ርካሽ በሆነ ቺፕ ዝቅ አድርገው 3.3 ቮልት ያወጣሉ፤ ያ 3.3 ቮልት ግን የሚለካው ከፌዙ ወይም ከኒውትራሉ አንጻር ነው። የሰርኪዩቱ "ግራውንድ" የሚባለው ፌዝ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቻርጀሩ በኩል ከምድር ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱን ስታገናኝ የሚሆነውን መገመት አያቅትም፤ በዚያ ቅጽበት እጅህ ላፕቶፑ ላይ ነው።

ፈርምዌር መጫን ግድ ከሆነ መሣሪያው ከፓነሉ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ 230 ቮልት ጨርሶ ሳይኖር፣ በውጭ 3.3 ቮልት ብቻ። ቡናማ ለሆነ መሣሪያ ግን ፈርምዌር ምን ያደርግለታል?

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው የማያስተውለው፦ ሰርኪዩቱ ካልተነጠለ የክላምፑ መሰኪያ ብረቱም፣ የሙቀት ሴንሰር ማስገቢያውም 230 ቮልት ላይ ሊሆን ይችላል። "የክላምፕ ሽቦ እኮ ሚሊቮልት ነው" ብለህ የተላጠውን በባዶ እጅ እንዳትነካው።

ነጭ_ሽቦ

ዋናው ወርዷል። ክላምፖቹ ላይ 100ኤ/50ሚኤ ይላል። አንድ ሌላ ነገር፣ አፑ ያስቀመጠውን ስመለከት ማታ ማታ 262 ቮልት የሚል ንባብ አለ። መሣሪያው ስላበደ ነው ወይስ እውነት ነው?

ሦስት_ፌዝ

ይህ ከሁሉም በላይ መጣራት ያለበት ነው። 230 ቮልት ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 253 ነው፤ ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከመጣ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። የተበላሸ መሣሪያ ንባብ ማስረጃ አይሆንም፤ ኃይል ሲመለስ ካት 3 (ለቤት ፓነልና መስመር የሚሆን የደህንነት ምድብ) የተጻፈበት መልቲሜትር ይዘህ ሶኬት ላይ ለካው፣ በተለያየ ሰዓት።

እውነት ከሆነ በጣም የሚያሰጋው የላላ ወይም የተቆረጠ ኒውትራል ነው። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲጠፋ ጭነቱ ያነሰበት ፌዝ ወደ ላይ ይወጣል፣ እስከ 400 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። ምልክቱን ያለ መሣሪያም ታየዋለህ፦ ከባድ ነገር ሲበራ የአንዳንዱ መብራት ይደምቃል፣ የሌላው ይደበዝዛል። ይህን ካየህ ዋናውን አውርደህ መስመሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ደውል። ቤት ውስጥ የሚጠገን ነገር አይደለም።

ቫሪስተሩም እዚህ ጋ ይገባል። መሣሪያው መግቢያ ላይ ያለው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ዲስክ ለ230 ቮልት መስመር ብዙ ጊዜ 275 ቮልት የሚል ነው። የመብረቅ ዓይነት አጭር ግፊት ይውጣል። እየዋጠ ግን ይደክማል፤ በሰላሙም ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማሳለፍ ይጀምራል፣ ያ ያሞቀዋል፣ ሲሞቅ የበለጠ ያሳልፋል። ከ275 በእጅጉ የሚበልጥ ቮልቴጅ ለደቂቃዎች ቢቆይበት ደግሞ ድካም ሳያስፈልገው ሊነድ ይችላል። ደህና አምራች አጠገቡ የሙቀት ፊውዝ ያስቀምጣል፤ ርካሹ ላይ ይህ ይጎድላል። የ6 አምፔር ብሬከሩ ትርጉም እዚህ ጋም ይታያል።

ካቻቪቴ

ለመንቀሉ ቅደም ተከተሉን ልጻፍ። ከዚህ በፊት ፓነል ከፍተህ የማታውቅ ከሆነ ግን ይህን ለምትጠራው ባለሙያ መቆጣጠሪያ አድርገው።

ዋናውን ከማውረድህ በፊት ትልልቆቹን ጭነቶች አንድ በአንድ አጥፋ። ሶላር ኢንቨርተር፣ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ካለ እነሱንም ለይ፤ ዋናው ወርዶም ከኋላ ኃይል ይመልሳሉ። ዋናው ሲወርድ መግቢያው ማለትም ከቆጣሪው የሚመጡት ብሎኖች አሁንም ሕያው ናቸው። የመከታተያህ ሽቦ የተቀጠለው ከመውጫው ሳይሆን ከመግቢያው በኩል ሆኖ ከተገኘ እዚያው አቁም። እሱን መቁረጥ የሚቻለው ከቆጣሪው በፊት ሲዘጋ ነው፣ የቆጣሪ ማሸጊያ ደግሞ የራሱ ባለቤት አለው።

ከዚያ ቴስተርህን ኃይል እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክር። ፓነሉ ላይ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከምድር፣ ኒውትራል ከምድር ለካ። ቴስተሩን እንደገና ኃይል ባለበት ሞክር። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ቴስተሩ መሃል ላይ ሞቶ ቢሆንስ? እጀታው ውስጥ መብራት ያለው የካቻቪቴ ቴስተር ለዚህ አይታመንም፣ ሁለት እግር ያለው ይሁን።

ክላምፖቹን ከሽቦዎቹ ላይ አውጣ፣ ቀጥሎ መሰኪያዎቹን። በመጨረሻ የፌዙንና የኒውትራሉን ሽቦ ከብሬከሩና ከኒውትራል ባሩ ላይ ፍታ። ከመሣሪያው በኩል ብቻ ፈትተህ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልለህ አትተው፤ ያልተጠበቀው ሽቦ እኮ እዚያው ቀረ።

ሚሊኦም

ከወጣ በኋላ መሣሪያውን ሳይሆን የነበረበትን ቦታ ተመልከት። ውፍረቱ 16 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦና 0.75 አንድ ብሎን ሥር ሲገቡ ወፍራሙ ጥርሱን ይይዛል፣ ቀጭኑ ዳር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። አንዳንዴም ወፍራሙን ያላላዋል፣ ይህ የባሰ ነው፤ የቤቱ ጭነት ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ነው። መዳቡ የጠቆረ ከሆነ እስኪያበራ ድረስ ቆርጠህ አዲስ ጫፍ አውጣ። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ፌሩል (ክሮቹን ጫፍ ላይ የሚሰበስብ የብረት ቱቦ) ይደረግለት፤ በቆርቆሮ አይበየድ፣ ቆርቆሮ ብሎን ሥር ቀስ እያለ ይጨፈለቃል፣ ይላላል። የብሬከሩ ፕላስቲክ ራሱ ቀለሙን ከቀየረ በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ አትመልሰው፤ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ሙቀቱን ቀምሷል፣ ቀይረው። ብሎን ሲጠበቅ ብሬከሩ ጎን ላይ የተጻፈውን የኒውተን ሜትር ቁጥር በቶርክ ካቻቪቴ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ተከተል፤ "በደንብ ጠብቋል" የሚል መለኪያ የለም።

ኢንሱሌሽን (የሽቦ ሽፋን ኃይል የመከልከል አቅም) በ500 ቮልት የሚለካ ባለሙያ ከመጣ መከታተያው ከወጣ በኋላ ይለካ፣ ከ1 ሜጋ ኦም በታች መሆን የለበትም። መሣሪያው እንደተገጠመ ከተለካ ቫሪስተሩ ንባቡን ያበላሸዋል።

ሁሉም ተገጥሞ ጭነት ከበራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ፈትሽ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ካነጣጠርክ ያታልልሃል፤ ጥቁር ናስትሮ ለጥፍበትና ናስትሮውን ለካ። መለጠፉ የሚደረገው ኃይሉ ጠፍቶ ሳለ ነው። ተመሳሳይ ጭነት ካለው ጎረቤቱ በ15 ዲግሪ የሚበልጥ ብሎን ካለ ሥራው አላለቀም።

ጀማሪ_ነኝ

ሶኬት ላይ የሚሰካው ዓይነት መለኪያ ግን ከዚህ ሁሉ ይገላግላል አይደል?

ሦስት_ፌዝ

ከፓነሉ ይገላግልሃል፣ ከሙቀቱ ግን አይደለም። በእሱ ውስጥ ሙሉው ጭነት ያልፋል። የላላ ንክኪ 50 ሚሊኦም ቢኖረውና 13 አምፔር የሚስብ ማሞቂያ ብትሰካበት 13 ካሬ ሲባዛ በ0.05፣ 8.45 ዋት እዚያች ነጥብ ላይ ይነዳል። ፕላስቲክ ለማቅለጥ ከበቂ በላይ ነው። ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን ተጠቀምበት። ለውሃ ማሞቂያና ለክፍል ማሞቂያ ለግማሽ ሰዓት ለክተህ ንቀለው፣ ስትነቅለው የስፒናውን እግሮች ዳስስ። ከማራዘሚያ ላይ ማራዘሚያ፣ በዚያ ላይ መለኪያ መሰካት የለም።

ነጭ_ሽቦ

ወጥቷል። ልክ እንዳላችሁት ነው፤ ቀጭኑ ሽቦ ብሎኑ ሥር በሁለት ክር ብቻ ተይዞ ነበር፣ ጫፉ ጠቁሯል። ብሬከሩም ይቀየራል። በምትኩ ምን ዓይነት ልግጠም? አሮጌውስ ማያያዣው ቢቀየርለት ይሠራል?

ሚሊኦም

ለአዲሱ፦ ገላው ላይ ካት 3 300 ቮልት ይኑርበት፣ የሚፈልገው የፊውዝ መጠን መመሪያው ላይ ይጻፍ፣ ክላምፖቹ በሚሊቮልት የሚወጡ ይሁኑ፣ የብሎን ቦታው ጣት የማይነካው ይሁን። ሲኢ የሚለው ምልክት ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ የሚሰጠው መግለጫ ነው፤ በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተፈተነበት ምልክት ካለ እሱን አስቀድም። ፌዙንና ኒውትራሉን ከአንድ አርሲዲ (ኃይል ወደ ምድር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ) ሥር ውሰድ፤ ፌዝ ከአንዱ፣ ኒውትራል ከሌላው ከሆነ ያለ ምክንያት እየጣለ ያሰለችሃል።

የቤቱን ጠቅላላ ፍጆታ ብቻ ማወቅ ከፈለግህ ግን ፓነሉን ጨርሶ አትንካ። ቆጣሪው ላይ የምትብለጨለጨውን ቀይ መብራት የሚያነብ፣ በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር አለ፤ በላስቲክ ይለጠፋል፣ 230 ቮልት አጠገቡ አይደርስም። 1,000 ብልጭታ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚል ቆጣሪ ከሆነ 3,600ን በሁለት ብልጭታዎች መካከል ላለው ሰከንድ አካፍል፣ ዋቱን ታገኛለህ። በ3.6 ሰከንድ አንዴ ከበራ 1,000 ዋት ነው። የትኛው ክፍል እንደበላው አይነግርህም፣ ያ ጉድለቱ ነው።

ካቻቪቴ

አሮጌውን ተወው። ቡናማ የሆነ የሰርኪዩት ቦርድ ላዩ ላይ ከሰል አለው፣ ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ማያያዣው አዲስ ቢሆንም በፌዙና በኒውትራሉ መካከል ያ ጥቁር መንገድ ይቀራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይነሳል። የመለያ ቁጥሩንና የቃጠሎውን ፎቶ ለሻጩና ለምርት ደህንነት ተቆጣጣሪው ላክ፤ ሻጩ መሣሪያውን ከጠየቀ ፎቶው በእጅህ ይቅር። ካልጠየቀ ሽቦ የሚገባበትን ማያያዣ በፒንሳ ሰብረህ ከኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጋር አስወግደው፤ ደህና መስሎት አንስቶ የሚገጥመው አይጠፋም።